የሚገጥም ሁሉ ትክክለኛ አይደለም



 የዛሬው ርዕሴ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1964 እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ የተሠሩት፣ ማስል ካር የምንላቸው መኪኖች ሞተር ነው። ከሞተሩም የቫልቭ ክፍሎቹን ብቻ እወስዳለሁ፤ ካምሻፍቱን፣ ታፔቱን፣ ፑሽ ሮዱን፣ ሮከር አርሙን፣ የቫልቭ ሞላውንና ቫልቩን ራሱን። እነዚህን ክፍሎች ማግኘት ዛሬ ከባድ አይደለም፤ ስልክ ከፍቶ ማዘዝ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከባዱ ትክክለኛውን ማግኘት ነው። ላሳምናችሁ የመጣሁትም በአንድ ነገር ነው፤ የቫልቭ ክፍል ቦታው ላይ ስለገባ ብቻ ትክክለኛ አይባልም። ትክክለኛ የሚባለው ከበላዩም ከበታቹም ካለው ክፍል ጋር በልክ ሲስማማ ነው።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንደተወሳሰበ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። በ1964 የጄኔራል ሞተርስ አካል የነበረው ፖንቲያክ በመካከለኛ መጠን መኪናው ላይ 389 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ጭኖ ጂ ቲ ኦ በሚል ስም ለገበያ አቀረበ። ሌሎቹም ተከተሉ። ሸቭሮሌት በ1965 ባለ 396 ኪዩቢክ ኢንቹን ትልቅ ሞተር አመጣ፤ ክራይስለር በ1966 426 ሄሚን ለመንገድ መኪና አደረሰ፤ ፎርድ በ1968 428 ኮብራ ጄትን አወጣ። ብዙም ሳይቆይ የጭስ ሕጉ ጠበቀ፣ ኢንሹራንሱ ተወደደ፣ በ1971 ጄኔራል ሞተርስ የሞተሮቹን ኮምፕሬሽን ዝቅ አደረገ፤ ዘመኑም እያበቃ ሄደ። እነሆ ከዚያ ወዲህ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗል። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ሞተር ስንት ጊዜ እንደተፈታ፣ ማን እንደፈታው፣ ሲመልሰው ምን ቀይሮ እንደመለሰው የሚነግረን የለም። የፋብሪካው መጽሐፍ ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ምን እንደነበረ ይናገራል እንጂ ዛሬ ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም።

አሠራሩ ለአብዛኞቻችሁ እንግዳ አይደለም። አገር ቤት በላንድሮቨርና በፔጆ 504 ላይ እጃችሁን ያፍታታችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ካምሻፍቱ ብሎኩ ውስጥ ይሽከረከራል፤ ጉብታው ታፔቱን ይገፋል፤ ታፔቱ ፑሽ ሮዱን፣ ፑሽ ሮዱ ሮከሩን፣ ሮከሩ ቫልቩን። ከዚያ ሞላው ሁሉንም ወደ ቦታው ይመልሳል። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 50 ጊዜ ይከፈታል፣ 50 ጊዜ ይዘጋል። በዚህ ፍጥነት አንዱ ክፍል በጥቂት ሺኛ ኢንች ልኩን ከሳተ ዕዳውን የሚከፍለው ጎረቤቱ ነው። የተሳሳተው ሞላ ሆኖ ሳለ የሚበላው ካምሻፍቱ ነው፤ የተሳሳተው ፑሽ ሮድ ሆኖ ሳለ የሚበላው የቫልቩ መሪ ቱቦ ነው።

አሜሪካውያኑ ሞተሮች የሚያስቸግሩት ግን በአንድ ስም ብዙ ዓይነት ሆነው ስለተሸጡ ነው። የ1969ኙን የሸቭሮሌት ሸቬል ኤስ ኤስ 396 እንውሰድ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው መኪና ላይ፣ 396 ተብሎ የተሸጠው ሞተር በ325፣ በ350 እና በ375 የፈረስ ጉልበት ይገኝ ነበር። የሁለቱ ደካሞች ታፔት ሃይድሮሊክ ነው፤ የ375ቱ ሶሊድ ነው። የሁለቱ ቴስታታ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳው ሞላላ ሆኖ ማስገቢያ ቫልቩ 2.06 ኢንች ነው፤ የ375ቱ ቀዳዳ አራት ማዕዘን፣ ቫልቩም 2.19 ኢንች ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሸቭሮሌት 396 የሚለውን ስም እንደያዘ ሞተሩን ወደ 402 ኪዩቢክ ኢንች አሰፋው። እንግዲህ ሻጭ ደውሎ «የ396 ዕቃ አለኝ» ሲላችሁ ገና ምንም አልነገራችሁም።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት ማንበብ ይቀድማል። ሸቭሮሌት ላይ ብሎኩ ከፊት በቀኝ በኩል፣ ከቴስታታው ፊት ለፊት ባለው ትንሽ ልሙጥ ገጽ ላይ የተመታ ጽሑፍ አለ። ቲ ካለ ሞተሩ የተገጣጠመው ቶናዋንዳ፣ ኒው ዮርክ ነው፤ ቪ ካለ ፍሊንት፣ ሚሺጋን። ቀጥለው ወሩና ቀኑ ይመጣሉ፤ መጨረሻ ላይ ያሉት ፊደላት ሞተሩ ለየትኛው መኪናና ለየትኛው ጉልበት እንደተሠራ ይናገራሉ። ይህ ገጽ በማሽን ከተላጨ ግን ጽሑፉ ይጠፋል፤ ዋጋ ለማስወደድ አዲስ ጽሑፍ የሚመታበትም ሰው አይጠፋም። ስለዚህ በእሱ ብቻ አትርጉ። የሮከር ሽፋኑን አንሡና ቴስታታው ላይ በብረቱ አብሮ የፈሰሰውን ቁጥር አንብቡ። አጠገቡ ቀን አለ፤ ከኤ እስከ ኤል ያለው ፊደል ወሩ ነው፣ መካከል ያለው ቁጥር ቀኑ፣ የመጨረሻው አኃዝ ዓመቱ ነው። ኤ 14 9 ካለ ጃንዋሪ 14 ቀን ማለት ነው፤ 9 ግን 1969ም 1979ም ሊሆን ይችላልና የቴስታታውን ቁጥር ሳታመሳክሩ ዓመቱን አትወስኑ።

ቁጥሩም ቢሆን ወሰን አለው። የሚናገረው ብረቱ የፈሰሰበትን ቅርጽ እንጂ በኋላ ማሽን ላይ ምን እንደተደረገበት አይደለም። 3927186 የሚለው የትንሹ የሸቭሮሌት ሞተር ቴስታታ በብዙዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ዋጋውም ውድ ነው። ይህ አንድ ቁጥር ግን 1.94 ኢንች ማስገቢያ ቫልቭ ይዞም፣ 2.02 ይዞም ከፋብሪካ ወጥቷል። በቁጥሩ ተማምኖ ቫልቭ ያዘዘ ሰው ከሁለት አንዱን እየገመተ ነው። ቁጥሩ መንገዱን ያሳያል፤ የሚፈርደው ካሊፐሩ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ሸቭሮሌት ሞተር ቀረብ ብለን እንግባ፤ ትምህርቱ እዚያ በደንብ ይታያልና። የ1965 እና የ1966 ብሎኮች ከኋለኞቹ የሚለዩበት አንድ ነገር አላቸው። ወደ ታፔቶቹ የሚሄደው ዘይት በካምሻፍቱ የኋላ ብሮንዚን በኩል ያልፋል፤ እንዲያልፍም የካምሻፍቱ የኋላ አንገት ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል። ከ1967 ጀምሮ ቦዩ ወደ ብሎኩ ስለተዛወረ ከካምሻፍቱ ላይ ጠፋ። አሁን ከ1967 ወዲህ ላለው ሞተር የተሠራ ካምሻፍት ገዝታችሁ የ1966 ብሎክ ውስጥ ብታስገቡት ይገባል። ብሮንዚኖቹ ላይ በትክክል ይቀመጣል፣ በእጅ ይዞራል፣ የሚያስጠረጥር ነገር የለውም። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ብሮንዚን ካልተገጠመ በስተቀር ግን ለታፔቶቹ ዘይት አይደርስም፤ ሞተሩ ሲነሣ ያለ ዘይት ይፋጫሉ። የሚገጥም ሁሉ ትክክለኛ አይደለም ስል ይህንን ነው።

የዚሁ ሞተር ቫልቮች ቀጥ ብለው አልተደረደሩም፤ እያንዳንዱ ወደ ራሱ አቅጣጫ አዘንብሏል። በዚህ የተነሣ ፑሽ ሮዶቹ እኩል አይደሉም። የማስገቢያው ወደ 8.28 ኢንች ሲሆን የማስወጫው 9.25 ኢንች ነው። ያገለገለ ሞተር ሲፈታ ተደባልቀው በአንድ ቆርቆሮ የተሸጡ ፑሽ ሮዶች ስትገዙ ከመክፈላችሁ በፊት ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፤ ስምንት አጭር፣ ስምንት ረጅም መሆን አለባቸው። ሌላም ወጥመድ አለ። ሸቭሮሌት ከዚሁ ቤተሰብ ለከባድ ጭነት መኪና የሠራው ብሎክ ከመኪናው ብሎክ በ0.4 ኢንች ይረዝማል፤ ፑሽ ሮዱም በዚያው ልክ ረጅም ነው። የአሮጌ መኪና ግቢ ውስጥ የሚገኘው ርካሽ ዕቃ ብዙ ጊዜ ከጭነት መኪና የወጣ ነው። በመጨረሻም ይህ ሞተር ፑሽ ሮዱን የሚመራ ሳህን ስላለው ፑሽ ሮዱ ከሳህኑ ጋር ይፋቀቃል። ስለዚህ ላዩ የጠነከረ መሆን አለበት፤ ለስላሳው በሳህኑ ይበላና ብናኙ ወደ ዘይቱ ይወርዳል።

ቀጥሎ ካምሻፍትና ታፔት። እነዚህን ሁለቱን ለያይቶ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ይጥላል። የሶሊድ ታፔት ካምሻፍት ጉብታ አነሣሡ ላይ ቀስ ብሎ የሚወጣ አቀበት አለው፤ በቫልቩና በሮከሩ መካከል የተተወውን ክፍተት ሳይደበድብ እንዲዘጋ ነው። የሃይድሮሊኩ ታፔት ክፍተት ስለሌለው ጉብታው በሌላ መልክ ተሞርዷል። አንዱን ከሌላው ብታጋቡት ወይ ሞተሩ ይንኳኳል፣ ወይ ቫልቩ በጊዜው አይዘጋም። ክፍተቱም ቢሆን የሞተሩ ሳይሆን የካምሻፍቱ ንብረት ነው። ለሸቭሮሌት ካማሮ ዚ 28 ተብሎ ከ1967 እስከ 1969 የተሠራው 302 ሞተር የቫልቭ ክፍተቱ ለማስገቢያም ለማስወጫም 0.030 ኢንች ነው። በ1970 የመጣው ኤል ቲ 1 ደግሞ የዚያው ቤተሰብ ሆኖ ለማስገቢያ 0.024፣ ለማስወጫ 0.030 ነው። አንድ ሰው የመኪናውን ዓመት ብቻ ሰምቶ ክፍተት ቢሰጥ፣ ውስጥ ያለው ካምሻፍት ሌላ ከሆነ፣ የሰጠው ቁጥር ዋጋ የለውም።

ታፔቱን ስትገዙ እባካችሁ ይህን አድርጉ። ከአዲሱ ካርቶን ሁለት ታፔት አውጡና በዘይት ያልተነካ ፊታቸውን ፊት ለፊት አገናኙ። ወደ ብርሃን አንሡዋቸውና አንዱን በሌላው ላይ ቀስ አድርጋችሁ ወዲያ ወዲህ በሉት። ደህና ታፔት ከሆኑ ትንሽ ይወዛወዛሉ፤ በዳር በኩልም እንደ ፀጉር የቀጠነ ብርሃን ይታያል። የታፔት ፊት ልሙጥ ቢመስልም በጥቂት ሺኛ ኢንች ወደ ውጭ የጎበጠ ነውና። የካሙ ጉብታም በአንድ በኩል በመጠኑ ዘንበል ብሎ የተሞረደ ነው። ይህ ጉብጠትና ይህ ዘንባላ ሲገናኙ ታፔቱ ሲነሣ አብሮ ይሽከረከራል፤ ስለሚሽከረከርም አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይበላም። ሁለቱ ታፔቶች ጥብቅ ብለው ከተጣበቁ ግን አይሽከረከሩም ማለት ነው፤ ካምሻፍቱን በአጭር ጊዜ ይጨርሱታል። ያገለገለ ታፔት ደግሞ ከለመደው ጉብታ ውጭ በፍጹም አይገጠም፤ ከአዲስ ካምሻፍት ጋር አሮጌ ታፔት ማስገባት አዲሱን ካምሻፍት እያወቁ መግደል ነው።

ዘይቱም እንደ አንድ ክፍል ይቆጠር። እነዚህ ሞተሮች ሲሠሩ ዘይት ውስጥ ታፔትንና ካምን የሚጠብቅ የዚንክና የፎስፈረስ ውሕድ በብዛት ነበር። የጭስ ማጣሪያ ካታሊስትን ስለሚጎዳ መጠኑ እየተቀነሰ መጣ፤ በ2004 በወጣው ኤስ ኤም በሚባለው ደረጃ ለ5 ደብሊው 30 ዓይነት ቀጫጭን ዘይቶች ፎስፈረሱ ከ0.08 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ሮለር ታፔት ላለው ዘመናዊ ሞተር ይህ ችግር የለውም፤ ለአሮጌው ግን አይበቃውም። ስለዚህ ለእነዚህ ሞተሮች ተብሎ የተዘጋጀ ዘይት አብራችሁ ግዙ። አዲሱ ካምሻፍት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣም ሞተሩን ስሎ ላይ አታቆዩት። ወዲያው ወደ 2,000 ዙር አውጡትና ከ2,000 እስከ 2,500 እያፈራረቃችሁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያዙት፤ ጉብታዎቹን የሚያርሰው ክራንክሻፍቱ የሚረጨው ዘይት ነውና በዝቅተኛ ዙር በቂ አይደርሳቸውም።

ሮከሩ ላይ ስንደርስ ዋናው ነገር ስንት ጊዜ ያበዛል የሚለው ነው። ትንሹ ሸቭሮሌት 1.5፣ ትልቁ 1.7 ነው። 0.300 ኢንች የሚያነሣ ጉብታ በ1.5 ሮከር ቫልቩን 0.450 ኢንች ይከፍተዋል፤ በ1.7 ደግሞ 0.510። ፖንቲያክም ለአብዛኞቹ ሞተሮቹ 1.5 ሲጠቀም ለራም ኤር 4 1.65 አደረገ። ይህን የሰማ ባለ መኪና ኃይል ፈልጎ 1.65ቱን ተራ ቴስታታ ላይ ሲያስገባ ፑሽ ሮዱ ከቴስታታው ቀዳዳ ጠርዝ ጋር ሊታከክ ይችላል፤ ቀዳዳው ካልሰፋ አይሆንም። ቫልቩ በበለጠ ሲከፈትም ወደ ፒስተኑ በዚያው መጠን ይጠጋል። በተለምዶ በማስገቢያው በኩል ቢያንስ 0.080፣ በማስወጫው 0.100 ኢንች ነጻ ቦታ መቅረት አለበት። ይህን ፒስተኑ ላይ ለስላሳ ሸክላ አስቀምጦ፣ ሞተሩን በእጅ አዙሮ፣ ሸክላው ስንት እንደቀረ በመለካት ማወቅ ይቻላል።

የቫልቭ ሞላ ከሁሉ ይልቅ የሚያታልል ክፍል ነው፤ ስታዩት ሁሉም አንድ ይመስላልና። ሻጩ «120 ፓውንድ ነው» ሲላችሁ «በስንት ኢንች ቁመት?» ብላችሁ ጠይቁ። ሞላው በ1.88 ኢንች ቁመት 120 ፓውንድ የሚገፋ፣ በእያንዳንዱ ኢንች 400 ፓውንድ የሚጠነክር ነው እንበል። ቴስታታው ላይ ያለው ቁመት 1.94 ሆኖ ከተገኘ የቀረው ግፊት 96 ፓውንድ ብቻ ነው። ሃያ አራቱ ፓውንድ የጠፋው ሞላው መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ቦታው ስላልተለካ ነው፤ ሥሩ ቀጭን ሺም ቢደረግ ይመለስ ነበር። ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ደግሞ የሞላው ጥቅሎች ተደራርበው እንዳይቆለፉ 0.060 ኢንች ያህል ይተውላቸው። ሞላውን የሚይዘው ቆብና ቫልቩን የሚጨብጡት ቁልፎችም ማዕዘናቸው 7 ዲግሪ ወይም 10 ዲግሪ ነው። የ7ቱን ቁልፍ ከ10ሩ ቆብ ጋር ብታጋቡት ለጊዜው ይይዛል፤ አንድ ቀን ግን ቫልቩን ይለቀዋል፣ ቫልቩም ሲሊንደር ውስጥ ይወድቃል።

እዚህ ላይ ኦሪጂናል ዕቃ ብቻ ለሚፈልጉ ወዳጆቼ አንድ ነገር ማለት እወዳለሁ። ኦሪጂናል መፈለጋችሁ ያስመሰግናችኋል። ነገር ግን ቴስታታው ራሱ ዛሬ ኦሪጂናል ልኩ ላይ የለም። የቫልቭ መቀመጫው በተሞረደ ቁጥር ቫልቩ ወደ ውስጥ ይሰጥማል፣ ጫፉ ወደ ላይ ይወጣል፣ የሞላው ቦታ ይረዝማል። ቴስታታው ከሥር ከተላጨ ደግሞ ሮከሩ ወደ ታፔቱ ይቀርባል። ስለዚህ የፋብሪካው ልክ የሆነ አዲስ ፑሽ ሮድ እንኳ ሊረዝም ወይም ሊያጥር ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። የቫልቩን ጫፍ በማርከር ቀቡት፣ ቁመቱ የሚስተካከል መለኪያ ፑሽ ሮድ አስገቡ፣ ሞተሩን በእጅ አዙሩና ሮከሩን አንሥታችሁ የጠረገውን መስመር እዩ። መስመሩ ጠባብና ወደ መካከሉ የቀረበ ከሆነ ርዝመቱ ደርሷል። ወደ ዳር ከሸሸ ወይም ከሰፋ ሌላ ርዝመት ሞክሩ። ፑሽ ሮድ የሚታዘዘው ከዚህ በኋላ ነው፤ ከሁሉም ክፍል መጨረሻ የሚገዛው እሱ ነው።

ከየት እንግዛ? ምንጩ ሦስት ነው። አንዱ በካርቶኑ ሳይገጠም የኖረ የፋብሪካ ዕቃ ነው፤ ውድ ነው፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ውስጥ ካለው ዕቃ ጋር መመሳከር አለበት፣ ከረጅም ዘመን የተረፈ ዝገትም ሊኖረው ይችላል። ሁለተኛው ያገለገለ ዕቃ ነው። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ካርላይልና ኸርሺ ላይ የሚደረጉት የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች ለዚህ ተመራጭ ናቸው፤ ዕቃውን በእጅ ይዞ መለካት ይቻላልና። ስትሄዱ ካሊፐርና ማይክሮሜትር ይዛችሁ ሂዱ። የሸቭሮሌት ታፔት ዲያሜትር 0.842 ኢንች፣ የፎርድ 0.874፣ የክራይስለር 0.904 ነው፤ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ምንም ይሁን፣ አንዴ መለካት ማንነቱን ይነግራችኋል። ሮከርና ቫልቭ ከዚህ ገበያ ተመርምሮ ሊገዛ ይችላል፤ ሞላና ታፔት ግን አዲስ ይሁን። ሦስተኛው ዛሬ የሚሠራ አዲስ ዕቃ ነው። ሞላ፣ ቆብ፣ ቁልፍ፣ ካምሻፍትና ታፔት በተቻለ መጠን ከአንድ አምራች፣ አብረው እንዲሠሩ የታሰቡትን በስብስብ ግዙ።

ወደ ሮለር ታፔት መለወጥስ ለሚሉ፣ መንገዱ ክፍት ነው፤ ሸቭሮሌት ራሱ ትንሹን ሞተር በ1987 ወደ ሃይድሮሊክ ሮለር ወስዶታል። ነገር ግን ይህም ስብስብ ነው። የሮለር ታፔት ስለሚረዝም ፑሽ ሮዱ ያጥራል፣ ሞላው ይለወጣል፣ ካምሻፍቱ ወደ ፊት እንዳይሸሽ ማገጃ ይፈልጋል፣ የዲስትሪቢዩተሩ ጥርስ ከካምሻፍቱ ብረት ጋር መስማማት አለበት። ከእነዚህ አንዱን የዘለለ ሰው ሌላውን ሁሉ በከንቱ ገዝቷል።

ወገኖቼ፣ የማሳስበው አንድ የሥራ ልማድ ነው። ማንኛውም ሞተር ጋራዣችሁ ሲገባ አንድ ወረቀት ክፈቱለት። የብሎኩን ጽሑፍ፣ የቴስታታውን ቁጥርና ቀን፣ የታፔቱን ዓይነትና ዲያሜትር፣ የቫልቩን ስፋት፣ የሮከሩን ብዜት፣ የሞላውን ቦታ ቁመት በየተራ ጻፉ። ይህ ወረቀት ሳይሞላ ትእዛዝ አይሂድ። ደንበኛው ቢቸኩልባችሁ የመለካቱን ዋጋ በግልጽ ንገሩት፤ ሰዓቱን ቁጠሩበት፣ አስከፍሉትም፤ ሥራ ነውና። ሥራው ሲያልቅ የገጠማችሁትን ጨምራችሁ ጻፉና አንዱን ቅጂ ለእሱ ስጡት፣ አንዱን እናንተ ያዙ። አብረዋችሁ የሚሠሩትን ወጣቶችም ይህን ወረቀት በራሳቸው እጅ እንዲሞሉ አድርጓቸው። ዕቃው እያለቀ፣ እየተወደደ፣ አስመስሎ የሚሠራውም እየበዛ ሲሄድ ከፊታችሁ የቀረበውን ክፍል አንሥቶ «ይህ ለዚህ ሞተር ይሆናል፣ ይህ አይሆንም» ብሎ በልክ የሚናገር ባለሙያ ዋጋው ከዕቃው በላይ ነው። ያንን ባለሙያ ማፍራት ደግሞ በእጃችን ነው።